ጌሶ ነጭ ቀለም ብቻ አይደለም

እህቴ፣ ስለ ካርድና ስለ ፎቶ አልበም ገጽ አሠራር የጻፍሽውን ወድጄዋለሁ። አንድ ነገር ላይ ግን ላርምሽ፤ ቀለም ከመቀባታችን በፊት ወረቀቱን ወይም ሸራውን ለማዘጋጀት ከሥር ስለምንቀባው ስለ ጌሶ ነው። «ጌሶ ያው ነጭ አክሪሊክ ቀለም ነው፤ ከሌላችሁ ቀለሙን ቀቡ» ብለሻል። ብዙ ሰው እንዲህ ያምናል። እኔም አምኜ ስንት ወረቀት አበላሽቻለሁ!

የሁለቱም ማያያዣ፣ ማለትም ዱቄቱን አጣብቆ የሚይዘው፣ አክሪሊክ ነው፤ እዚህ ድረስ ልክ ነሽ። ጌሶ ውስጥ ግን ካልሲየም ካርቦኔትን የመሰለ ደቃቅ ዱቄት አለ። ስለዚህ ሲደርቅ ሻከር ይላል፤ ትንሽ እርጥበትም ይመጥጣል። እርሳሱም፣ የውሃ ቀለሙም ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር ያገኛል። ነጭ አክሪሊክ ሲደርቅ ግን እንደ ፕላስቲክ ይለሰልሳል። የውሃ ቀለም ስትቀቢበት እዚህም እዚያም ጠብ ጠብ ብሎ ይሰበሰባል፤ እርሳሱም ይንሸራተታል። «ቀለሙ አልይዝ አለኝ» የሚሉት አብዛኞቹ እዚህ ጋ ነው የሚሳሳቱት።

ደግሞ ጌሶ ሁሉ ነጭ አይደለም። ጥቁር አለ። ከሥሩ ያለውን የሚያሳይም አለ፤ የጋዜጣ ቁራጭ ላይ ቀብተሽ ፊደሉ ከሥር እየታየ ትሠሪበታለሽ። ነጭ ቀለም ይህን ከየት ያመጣዋል?

ነጭ አክሪሊክ አይረባም ማለቴ አይደለም። ከላይ ነጠብጣብ ለመርጨት ከጌሶ ይሻላል።

ስስ ወረቀትን ግን ሁለቱም ያጨማድዱታል። እኔ ጌሶውን በብሩሽ ከማጥለቅለቅ ይልቅ በአሮጌ የባንክ ካርድ ጠርዝ ስስ አድርጌ እገፋዋለሁ። አንዱ ሽፋን ሲደርቅ ሌላ ሽፋን እደርባለሁ።