ግንቡ ታደሰ፣ የዘፈን ቤቱስ?

እኛ ጎንደሬዎች ስለ ፋሲል ግቢ እድሳት ስናወራ ሁሌ የምናወራው ስለ ትልቁ ግንብ ነው፣ መወጣጫው ታሰረ ተፈታ፣ ቀለሙ ነጣ አልነጣም፣ ሶሻል ሚዲያው ሁሉ በሱ ተሞልቶ ነበር። እኔ ደስ ብሎኛል፣ ስንት ዓመት ሙሉ ሊፈርስ ነው እያልን ስንጮህ ኖረን ሥራውን በዓይናችን ማየት ቀላል ነገር አይደለም። ግን እዛው ግቢ ውስጥ ብዙ ሰው አልፎት የሚሄደው አንድ ቤት አለ፣ የአፄ ዳዊት የዘፈን ቤት።

አፄ ዳዊት ሣልሳዊ የነገሡት ከ1708 እስከ 1713 ዓ.ም. ነው፣ አምስት ዓመት ብቻ፣ ከዛ ተመርዘው ሞቱ ይባላል። በዚች አጭር ጊዜ ግን ለዘፈን፣ ለበዓልና ለግብዣ የሚሆን ራሱን የቻለ አዳራሽ አሠርተው ሄዱ። አስቡት እስቲ፣ ከ300 ዓመት በፊት ጎንደር ላይ ሰው ተሰብስቦ ዜማ የሚሰማበት የድንጋይ አዳራሽ ነበረን! ከግቢው 12 በሮች አንዱ እምቢልታ በር ነው የሚባለው፣ ሙዚቃ ለዚህ ቤተ መንግሥት ምን ያህል ቅርብ እንደነበረ ከዚህ በላይ ምን ይነገራል።

በቀደም ከአዲስ አበባ የመጣች የአክስቴን ልጅ ይዤ ገባሁና ግድግዳው ሥር ስንደርስ ዝም ብላ ልታልፍ ስትል ነው ያስቆምኳት። ስለ አንበሳ ቤቱ ግን ብዙ ጠየቀችኝ፣ አንበሶች እስከ ቅርብ ጊዜ ስለነበሩበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፣ እሱንም ያስጀመሩት እኚሁ ዳዊት ናቸው።

እንግዲህ የኔ ሐሳብ ይሄ ነው፣ የእድሳቱ ትኩረት ወደ ዘፈን ቤቱም ይምጣ፣ ሲመጣ ግን ለበዓል ይድረስ ተብሎ አይጣደፍ። ምክንያቱም ነገሩ ያለው ኖራው ላይ ነው። በጣሊያን ጊዜ ግንቦቹን በሲሚንቶ ጠጋገኗቸው፣ ሲሚንቶ ደግሞ ድርቅ ያለ ነገር ነው፣ ድንጋዩ ውስጥ የገባውን እርጥበት አያስወጣም፣ ውሃው እዛው ታፍኖ ድንጋዩን ከውስጥ ይበላዋል፣ ለዛ ነው በኋላ በዩኔስኮ እገዛ ሲጠገን ሲሚንቶው እየተፋቀ በኖራ የተተካው። ኖራ ይተነፍሳል። ግን ትዕግሥት ይፈልጋል፣ ከአየር ጋር እየተዋሃደ ቀስ ብሎ ነው የሚጠነክረው፣ ሳይጠነክር ዝናብ ካገኘው ታጥቦ ይሄዳል፣ የኛን አገር ክረምት ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ ከሰኔ እስከ መስከረም ሰማዩ አይዘጋም። ስለዚህ ደህና ሥራ የሚሠራው በበጋ ብቻ ነው፣ ሥራው ዓመት ቢፈጅ ሰነፉ ብለን ባንሳደብ ጥሩ ነው። ይልቅ መግቢያው ላይ አንድ ሰሌዳ ቢቆምና ዘንድሮ ይሄን ግድግዳ ይዘናል፣ ለሚመጣው ይሄኛው ይቀራል ብሎ ቢነግረን ግማሹ ወሬ በራሱ ይበርድ ነበር።

ሌላው ጣሪያው ነው። ቤቱ ለረጅም ዘመን ያለጣሪያ ነው የኖረው፣ አምሮ እንዲታይ ተብሎ ከግምት አዲስ ጣሪያ እንዳይለብስ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. በ1964 የወጣው የቬኒስ ቻርተር፣ የቅርስ ጥገና ዓለም አቀፍ መመሪያው ማለት ነው፣ ግምት ሲጀመር እድሳት ይቁም ይላል፣ እኔም እስማማለሁ። ግድግዳው ይጠንክር፣ ውሃው መውረጃ ያግኝ፣ ይበቃል።

ከዛ ዜማው ይመለስ። ቡርቧክስ እኮ እዚሁ አጠገባችን ነው፣ ማሲንቆ ከአባት ወደ ልጅ የሚወርድበት መንደር ነው፣ አዝማሪዎቹ ግን የሚዘፍኑት በየመጠጥ ቤቱ ነው። ትልቅ ስፒከር ተደርድሮ ኮንሰርት ይደረግ አላልኩም፣ ጭራሽ፣ ያ ንዝረት ለአሮጌ ግድግዳ ጥሩ አይደለም። አንድ ማሲንቆ፣ አንድ ክራር፣ ያለ ማይክ፣ በጥቅምት ወይ በኅዳር ቅዳሜ ከሰዓት፣ መሬት ላይ ምንጣፍ ተነጥፎ። የግቢው አስተዳደር ይሄን ለመፍቀድ የቤቱን ጥገና ማለቅ መጠበቅ የለበትም፣ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ሜዳው ላይ በዚህ በጋ መጀመር ይቻላል።