መኪናችንን እናጥባለን እንጂ አናየውም

ሰሞኑን ውስጤ ሲብላላ የቆየ ነገር ስላለ ዛሬ ልጽፈው ነው። በግቢያችን የሚኖሩ አንድ ጎረቤቴ መኪናቸውን በየማለዳው ያሳጥባሉ፤ መስታወቱ ይወለወላል፣ ወንበሩ ይራገፋል፣ ጎማው ሳይቀር እንዲያብረቀርቅ ቅባት ይቀባል። የኋላ ቀኝ ጎማቸው ግን በውስጥ በኩል ጥርሱ አልቆ ሽቦው ሊታይ ጥቂት ቀርቶታል። «ጋሼ፣ ይህን ጎማ አይተውታል?» ብዬ ብጠይቃቸው «ቦሎ ሲደርስ እቀይረዋለሁ» አሉኝ፤ በማግስቱ ባለቤታቸውንና ልጆቻቸውን ጭነው በፈጣን መንገዱ ወደ አዳማ ወረዱ።

ይህ መልስ የእሳቸው ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍኩ ነበር። ቦሎ የሚያሰጠው ዓመታዊ የተሽከርካሪ ምርመራ በዓመት አንድ ቀን የሚደረግ ሆኖ ሳለ፣ ዓመቱን ሙሉ የሚያልቀውን ዕቃ የመከታተል ኃላፊነት ከባለቤቱ ላይ የሚያነሳ የሚመስለን ሰዎች ብዙ ነን። ለምርመራው ቀን ከወዳጁ ደህና ጎማ ተውሶ ገጥሞ፣ ቦሎውን ከለጠፈ በኋላ ያለቀውን የመለሰ ሰው በዓይኔ አይቻለሁ። ማንን እንዳታለለ እስካሁን አልገባኝም።

ጎማ ማየት መካኒክ መሆንን አይጠይቅም። በብዙ አገሮች ለጥርሱ ጥልቀት የተቀመጠው ዝቅተኛ ልክ 1.6 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ በጥርሶቹ መካከል ባለው ቦይ ውስጥ ያሉት ትናንሽ ጉብታዎች ይህንኑ ለማሳየት የተሠሩ ናቸው፤ ጥርሱ ከእነሱ ጋር እኩል ከሆነ ጎማው አብቅቷል ማለት ነው። በጎኑ DOT ከሚለው ጽሑፍ ቀጥሎ ከሚገኙት ፊደላትና ቁጥሮች የመጨረሻዎቹ አራት ቁጥሮች የተመረተበትን ሳምንትና ዓመት ይናገራሉ፤ 1216 የሚል ካለ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2016 በ12ኛው ሳምንት የተመረተ ነው። ያገለገለ ጎማ ስንገዛ ጥርሱን ብቻ ዓይተን ይህን ቁጥር ሳናነብ መሄዳችን እጅግ ያሳዝነኛል፤ ጎማ ጥርሱ ሳያልቅም በዕድሜ ብቻ ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል። ነፋሱም ቢሆን መለካት ያለበት ጎማው ሳይሞቅ፣ ጠዋት ከመነሳታችን በፊት ነው። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በረጅም መንገድ ላይ በፍጥነት ሲነዳ እየተጣጠፈ ይግላል፣ ይፈነዳልም።

ፍሬንን በተመለከተ የምናገረው ከደረሰብኝ ተነስቼ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት መኪናዬ ፍሬን ስይዝ መጮህ ጀመረ፤ ሥራ በዝቶብኝ ለሳምንታት ችላ አልኩት። ያ ጩኸት የፍሬን ሸራው፣ ማለትም ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ ጨብጦ መኪናውን የሚያቆመው ክፍል፣ ማለቁን ለባለቤቱ እንዲያስታውቅ ተብሎ ከሸራው ጋር የተሠራች ቀጭን ብረት ዲስኩን ስትነካ የምታሰማው መሆኑን አላወቅኩም ነበር። አንድ ቀን ከእንጦጦ ወደ ሽሮ ሜዳ ስወርድ ፔዳሉ ከወትሮው ጠልቆ ገባ፤ ማርሽ ቀንሼ፣ የእጅ ፍሬኑን በቀስታ እየሳብኩ ጥግ ይዤ እስክቆም ድረስ ከኋላዬ ስለተቀመጠችው እናቴ እንጂ ስለሌላ ነገር አላሰብኩም። ጎማው ሲፈታ ሸራው ሙሉ በሙሉ አልቆ ብረቱ ዲስኩን በልቶት ነበር፤ በሸራ ብቻ ያልፍ የነበረው ወጪ ዲስክ ጨመረ። የፍሬን ዘይቱም ከተቀየረ ዓመታት አልፈውት ነበር። ይህ ዘይት እርጥበት ስለሚስብ፣ በቆየ ቁጥር የሚፈላበት የሙቀት መጠን ይወርዳል፤ በረጅም ቁልቁለት ላይ ሲፈላ ደግሞ ፔዳሉ ባዶ ይሆናል። ባለሙያዎች በየሁለት ዓመቱ ቀይሩት ማለታቸው ለዚህ ነው።

የነዳጅ የቤት መኪና ወደ አገር ማስገባት በ2016 ዓ.ም. ከተከለከለ ወዲህ በእጃችን ያሉት አሮጌ መኪናዎች ገና ብዙ ዓመት አብረውን ይኖራሉ። ሶማሌ ተራ ሄደን የምንገዛው መለዋወጫም ዋጋው በየጊዜው ይጨምራል። ታዲያ በሳምንት አንድ ጠዋት፣ ከመታጠቡ በፊት ጎንበስ ብሎ ጎማውን በውስጥም በውጭም ማየት፣ ኮፈኑን ከፍቶ የሞተር ዘይቱን፣ የፍሬን ዘይቱንና የራዲያተሩን ውኃ ሞተሩ ሳይሞቅ መመልከት፣ ቺንጋው (የሞተሩ የጎማ ቀበቶ) መሰንጠቅ አለመሰንጠቁን ማየት አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ለማጠቢያ የምናጠፋው ጊዜ ከዚህ ይበልጣል!

ጎረቤቴ ከአዳማ በሰላም ተመልሰዋል፤ ፈጣሪ ይመስገን። ዛሬ ጠዋትም መኪናቸው ታጥቦ ወጥቷል፤ የኋላ ቀኝ ጎማው ግን አልተቀየረም። ማታ ሲገቡ ደግሜ እነግራቸዋለሁ፤ ቢቆጡኝም እነግራቸዋለሁ።