ለተማሪ ምድጃ መከልከል ይቁም

ጎንደር ውስጥ ማራኪ አካባቢ ለተማሪ ቤት የሚያከራዩ አንዳንድ ሰዎች ውላቸው ላይ አዲስ ነገር ጨምረዋል። «ክፍል ውስጥ ምግብ ማብሰል ክልክል ነው» ይላል። ይሄ ሳያንስ ሰሞኑን በአንድ የሬዲዮ ውይይት ላይ የቀረቡ እንግዳ ክልከላውን ደግፈው ተናገሩ። «ተማሪ የጥናት ሰዓቱን ሽንኩርት ሲከትፍ ማባከን የለበትም፤ ወጥቶ ይብላ» አሉ። አዘጋጁም አንድ ጥያቄ እንኳን ሳያነሳ አለፋቸው።

ወጥቶ ይብላ? በምን ብሩ?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የቀን ምግብ በጀት ከ22 ብር ወደ 100 ብር ሲያድግ ሁላችንም ደስ ብሎን ነበር። ነን ካፌ የሆነ፣ ማለትም ዩኒቨርሲቲው ካፌ የማይመገብ ተማሪ ይህንኑ ነው በእጁ የሚቀበለው። በ100 ብር በቀን ሦስቴ ምግብ ቤት ገብቶ ጠግቦ የወጣ ሰው ካለ ያሳዩኝ። የግል ኮሌጅና የማታ ተማሪው ደግሞ እሷንም የሚሰጠው የለም። ስለዚህ ምን ይበላል? ጠዋት ዳቦ በሻይ። ቀን እርጥብ። ማታ ለሦስት አንድ ሽሮ ያዝዛሉ፤ ቀድሞ የጠገበ የለም። እርጥቡ ውስጥ ያለው ድንች የተጠበሰበት ዘይት ከጠዋት ጀምሮ ሲፈላ የዋለ ነው። መልኩን ያየ ሰው ያውቀዋል።

ወደ ሰዓቱ ልምጣ፤ እንግዳው የተማመኑት በሱ ነውና። ምግብ ቤት መሄድ፣ ወንበር መጠበቅ፣ ማዘዝ፣ መብላት፣ ሂሳብ መክፈል፣ ተመልሶ ዳገቱን መውጣት። አንድ ሰዓት በቀላሉ ይሄዳል። ሽሮ ግን እንዲህ ነው የሚሠራው። ሽንኩርቱን አድቅቆ ይከትፋል። ዘይት ሳይነካው፣ ውሃ ጠብ እያደረገ ያቁላላዋል። ቀላ ሲል አንድ ሁለት ማንኪያ ዘይትና የተወቀጠ ነጭ ሽንኩርት ያክልበታል። ውሃ ጨምሮ ሲፈላ ሽሮውን እየነሰነሰ ቶሎ ቶሎ ያማስላል፣ እንዳይጓጉል። ከዚያ እሳቱን ቀንሶ ይተወዋል። ሽሮው ሲንተከተክ ልጁ ደብተሩን ይዞ አጠገቡ ይቀመጣል። ከመክተፍ እስከ ማውጣት ግማሽ ሰዓት አይሞላም። የተረፈው ለነገ ፍትፍት ይሆናል። ታዲያ ጊዜ ያባከነው የትኛው ነው?

ምስር ክክም ያው ነው፤ መዘፍዘፍ አያስፈልገውም፣ ሃያ ደቂቃ ገደማ ይበቃዋል። ሲያወጡት ሎሚ ቢጨምቁበት ወይም ቲማቲም ቆርጠው ቢበሉበት ደግሞ ሰውነት የምስሩን ብረት የተሻለ ይወስደዋል። ቡናና ሻይ በምግቡ ላይ ወዲያው ሲጠጣ ይህንኑ ብረት ይቀንሰዋል፤ ትንሽ መቆየት ነው። ሽንብራና ስንዴ ማታ ዘፍዝፎ ያደረ ልጅ ጠዋት ንፍሮ አለው። እህሉ የጎደለውን ጥራጥሬው ይሞላለታል። ሥጋ መግዛት ለማይችል ተማሪ ከዚህ የተሻለ ምን አለ? ጎመኑ፣ ድንቹ፣ ጥቅል ጎመኑ ቅዳሜ ገበያ ሞልቷል። ጓደኛሞች ገንዘብ አዋጥተው ሲገዙት ደግሞ ይረክሳል።

ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ የስንቁ ነገር ነው። ከደንቢያ፣ ከበለሳ፣ ከወገራ የሚመጣ ተማሪ ሻንጣው ውስጥ ከልብሱ ይልቅ የሚከብደው እናቱ የቋጠረችለት ስንቅ ነው። ሽሮ፣ በርበሬ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ሽሮውን ለቅማ፣ ቆልታ፣ ከክካ፣ ከነቅመሙ አስፈጭታ ነው የላከችው። ውስጡ ምን እንዳለ ታውቃለች። ከማያውቁት ሰው በርካሽ የተገዛ ሽሮ ላይ እንዲህ ያለ ዋስትና የለም። ጓያ ይቀላቀልበት አይቀላቀልበት በዓይን አይለይም። ጓያ ዘወትር ሲበላ እግር እንደሚያሽመደምድ ደግሞ ደንቢያና ፎገራ በደንብ ያውቁታል። አሁን ይህን የእናት ስንቅ አልጋ ስር አስቀምጦ ነቀዝ እንዲበላው ነው የሚፈለገው። ልጁ በሶውን በጥብጦ ይጠጣ ይሆናል። ሽሮውን ግን ጥሬውን አይቅመው።

ጾሙስ? ረቡዕና ዓርብን፣ ዐቢይ ጾምን የሚጾም ተማሪ ምግብ ቤት ገብቶ የጾሙ ድስት ከፍስኩ ጋር በአንድ ማማሰያ መነካካቱን በምን ያውቃል? ረመዳን ላይ ሌሊት ተነስታ ሱሁር የምትበላ ተማሪስ በዚያ ሰዓት ማን ይከፍትላታል? ውሉን የጻፉት ሰዎች እነሱም ይጾማሉ። እንዴት እንዳላሰቡት አይገባኝም።

«እሳት ይነሳል» ለሚለው መልስ አለኝ። አደጋ አለ፤ አልክድም። ግን ክልከላው አደጋውን አላጠፋውም፣ ደበቀው እንጂ። ኮሪደር ላይ በግልጽ ይቀመጥ የነበረው ምድጃ አልጋ ስር ገባ። መስኮቱ ሽታ እንዳያወጣ ተዘጋ። ይባስ ብሎ ኤሌክትሪክ ምድጃው የተወሰደበት ልጅ ከሰል ያቀጣጥላል። በተዘጋ ክፍል ውስጥ የከሰል ጭስ ሰው ይገድላል፤ ሽታ የሌለው መርዝ አለበት። የሚከለከል ነገር ካለ እሱ ነው። አከራዩ ግን እሱን ለይቶ አልጻፈም። በየወሩ ኪራይ ከመጨመር አንዴ ኤሌክትሪሻን ጠርቶ ወፍራም ሽቦና ደህና ብሬከር ማስገባት አቅቶት ነው ጣጣውን ወደ ተማሪው ሆድ የገፋው።

ውሃ ያባክናሉም ይላሉ። የጎንደር የውሃ ችግር የታወቀ ነው። አንድ ድስትና ሁለት ሳህን ለማጠብ ግን ስንት ጆግ ይፈጃል?

«ወንድ ልጅ ጓዳ ምን ይሠራል» የሚል አስተያየትም ለውይይቱ ተልኮ ነበር። እሱ ላይ ብዙ አልቆይም። ራሱን መመገብ የማይችል ወንድ ነገ የሚስቱ ሸክም ነው።

ጎንደር ደግሞ ይህን መስማት ያልነበረባት ከተማ ናት። የአገሪቱ የኅብረተሰብ ጤና ኮሌጅ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው እዚህ ነው። ጤና መኮንን፣ የማኅበረሰብ ነርስና ሳኒታሪያን አሠልጥና የላከች ከተማ ናት። ዛሬም የጤና ተማሪዎች ስለ ተመጣጠነ ምግብ ተምረው ለፈተና ይጽፋሉ። ማታ ቤታቸው ሲገቡ ግን የተማሩትን የሚያበስሉበት ቦታ የላቸውም።

ያ አንቀጽ ከውሉ ይውጣ። ግቢው ውስጥ አንዲት ጠባብ የጋራ ማብሰያ ክፍል ትኑር፤ ሁለት ሶኬት፣ አንድ መስኮት፣ አንድ የጭቃ መደብ ይበቃታል። ለመብራቱ ተማሪዎቹ አዋጥተው ይክፈሉ፣ ፈቃደኞች ናቸው። ከሰል ክፍል ውስጥ ክልክል ነው ተብሎ ይጻፍ። ሬዲዮ ጣቢያውም በሚቀጥለው ውይይት ምድጃ የተወሰደባትን ተማሪ ይጋብዝ፤ ሽንኩርት መክተፍ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ እሷ ትንገራቸው።