«ሁላችንም ተቀምጠናል እኮ» አለኝ፣ እሱ ግን ቆሞ ነበር

አሁን ነው የገባሁት። ቦርሳዬን እንኳን አላስቀመጥኩም። ይሄን ሳልጽፍ ብተኛ እንቅልፍ አይወስደኝም።

ሥልጠናው ዛሬ ሁለተኛ ቀኑ ነው። ትናንት ጥርሴን ነክሼ ዋልኩ። ዛሬ ግን ከጠዋት እስከ ምሳ ሦስት ሰዓት ተኩል ሙሉ አንዴም ሳንነሳ! «ሰዓት ስለተጣበበብን የጠዋቱን እረፍት ዘለነዋል» አሉ፣ በቃ። ማንን ጠይቀው? እረፍቱ የነሱ ነው እንዴ የሚዘሉት? የኔ ወገብ ነው እኮ የተዘለለው!

ወንበሩን ልንገራችሁ። ስድስት ስድስት እየሆኑ በአንድ ብረት የተያያዙ ናቸው። አንዱ ሲነቃነቅ ስድስቱም ይነቃነቃል። የፊተኛው ጠርዝ ላይ ደግሞ ጨርቁ ሳስቶ ብረቱ ይቆረቁራል። እንደኔ አጭር ከሆናችሁ እግራችሁ መሬቱን በደንብ አይነካም፣ ስለዚህ የእግራችሁ ክብደት እዚያ ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ይውላል። ልክ ከጉልበት ጀርባ፣ ለስላሳዋ ቦታ ላይ። ትናንት ማታ ልብሴን ስቀይር አየሁት፣ ቀይ መስመር ሠርቶብኛል። በሁለቱም እግሬ።

የመጀመሪያው አንድ ሰዓት ምንም አይልም። ከዚያ መቀመጫዬ መቆጥቆጥ ጀመረ። ቂጣችን ውስጥ ሁለት አጥንቶች አሉ፣ ቀጥ ብለን ስንቀመጥ አብዛኛው ክብደታችን እነሱ ላይ ነው የሚያርፈው። ወደ ግራ አዘነበልኩ። ትንሽ ቆይቼ ወደ ቀኝ። በየተራ አሳረፍኳቸው። ግን እኔ ባዘነበልኩ ቁጥር አምስት ሰው አብሮኝ እንደ ጀልባ ይወዛወዛል። አጠገቤ ያለችው ሴትዮ ሁለቴ በረጅሙ ተነፈሰች፣ በሦስተኛው ዞራ አየችኝ። ሰው ላለመረበሽ ብዬ እንደ ድንጋይ ደርቄ ተቀመጥኩ። ያን ጊዜ ነው ግራ እግሬን ጉንዳን የወረረው።

ከሕመሙ የሚብሰው ደግሞ መቁነጥነጡ ነው። ይሄን የማያውቅ ሰው አይገባውም። ሕመም ቢሆን ትችሉታላችሁ። ይሄ ግን ከውስጥ «ተነሽ፣ ተነሽ፣ ተነሽ» የሚል ነገር ነው። ጭኔ ውስጥ፣ ባቴ ውስጥ፣ እስከ ጣቶቼ። ስክሪኑን አያለሁ፣ ፊደሉን አነባለሁ፣ አንድም ነገር አይገባኝም። ሐሳቤ በሙሉ እግሬ ላይ ነው። የመጣሁት ደግሞ ለመማር ነው! ከልቤ ፈልጌ የመጣሁበት ሥልጠና ነው!

ስለዚህ ተነሳሁ። ቀስ ብዬ፣ ጎንበስ ብዬ፣ ማንንም ሳልጋርድ ወደ ኋላ ሄጄ ግድግዳውን ተደግፌ ቆምኩ። ማስታወሻዬን ይዤ። እፎይ! ሁለት ደቂቃ እንኳን አልሞላኝም።

«ይቅርታ፣ እዚያ ጥግ የቆምሽው!»

አዳራሹ በሙሉ ዞረ። ልብ በሉ፣ ከጠዋት ጀምሮ ሁላችንንም «እርስዎ» ሲለን የነበረው አሠልጣኝ ነው። ለኔ ሲሆን አንቺ ሆንኩ።

«ችግር አለ?»

«የለም፣ እግሬ ደንዝዞ ነው። ቆሜ እከታተላለሁ» አልኩ።

«ምነው፣ ወንበሩ እሾህ አለው እንዴ?»

ሳቁ። ሰው እንዴት እንደሚስቅ! ያቺ ሴትዮ ከሁሉም በላይ ነው የሳቀችው። ቢገባው ብዬ «ወገቤን ስለሚያመኝ ነው» አልኩት፣ ድምፄ ቀጥኖ።

«ሁላችንም ወገብ አለን እኮ። ሁላችንም ተቀምጠናል። እባክሽ ትኩረት አትበትኚ።»

ሁላችንም ተቀምጠናል! ሰውዬው እኮ ከጠዋት ጀምሮ ቆሞ ነው የሚናገረው! ከመድረኩ ዳር እስከ ዳር ይመላለሳል፣ እጁን ያወናጭፋል፣ ደረጃውን ይወርዳል ይወጣል፣ ሲፈልግ ጠረጴዛው ጫፍ ላይ አረፍ ይላል። ወንበር ላይ አንዲት ደቂቃ አልተቀመጠም። እሱ ቆሞ ሲውል «ንቁ አሠልጣኝ» ነው፣ እኔ ሁለት ደቂቃ ስቆም ትኩረት በታኝ! ይሄን ልለው ይገባ ነበር። አፌ ላይ ነበር። አላልኩትም። ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ደንዛዛ እግሬን እየጎተትኩ፣ ስድስቱን ወንበር እያነቃነቅኩ። ዝም ብዬ መቀመጤ ነው እስካሁን የሚያቃጥለኝ።

ምሳ ሰዓት ላይ ኮሪደሩ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ጠጋ ብለው «ልጄ፣ እኔም ወገቤ ተቆርጧል፣ አይዞሽ» አሉኝ በሹክሹክታ። አከብራቸዋለሁ፣ ግን አባቴ፣ ያኔ ምነው ዝም አሉ? አንድ ሰው ብቻ አብሮኝ ቢነሳ ኖሮ እኮ ሳቁ ይቆም ነበር።

ይሄ ነገር ከልጅነቴ የመጣ ነው። ሦስተኛ ክፍል ስንማር አስተማሪያችን ስሜን ትታ «ቁንጥንጧ» ነበር የምትለኝ። የውጤት ካርዴ ላይ «ጎበዝ ናት፣ ግን አትረጋም» ብላ ጽፋ ነበር። እናቴ «ግን» የምትለዋን ብቻ ነው ያነበበችው። ስምንት ዓመቴ ነበር! የስምንት ዓመት ልጅ እጇን አጣጥፋ ቀኑን ሙሉ እንድትቀመጥ የሚጠብቅ ሰው ልጅ አይቶ ያውቃል? አለመንቀሳቀስ ማዳመጥ ነው ያለው ማነው? ክፍል ውስጥ እንደ ሐውልት ቀጥ ብለው ዓይናቸውን ገልጠው የሚተኙ ልጆች ነበሩ፣ እነሱ «ጨዋ» ይባላሉ።

አሁን ደግሞ አንድ ነገር ልናገር፣ ምክንያቱም «ምን ሆነሽ ነው፣ መቀመጥ ምን ያደርጋል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከእግር ወደ ልብ ደም እንዲመለስ የሚገፋው ባታችን ነው። ባት ሲንቀሳቀስ ደም ሥሮቹን ይጨምቃል፣ ደሙም ወደ ላይ ይሄዳል። ዝም ብላችሁ ስትቀመጡ ፓምፑ ቆመ ማለት ነው። በአከርካሪያችን አጥንቶች መሃል ያሉት ዲስኮች ደግሞ በአዋቂ ሰው ላይ ውስጣቸው ደም ሥር የለም። ምግባቸውን የሚያገኙት ከዙሪያቸው እየሰረገ ነው። ስለዚህ እኔ እግሬን ሳወዛውዝ፣ ወገቤን ሳዞር፣ ስነሳ፣ ሰውነቴ ሥራውን እየሠራ ነው። ብልግና አይደለም!

በ1940 እ.ኤ.አ. ለንደን በቦምብ ስትደበደብ ሰዎች መጠለያ ውስጥ ወንበር ላይ ተቀምጠው ያድሩ ነበር። ኪት ሲምፕሰን የሚባል የአስከሬን መርማሪ ሐኪም ምን አገኘ? እግራቸው ላይ የረጋ ደም ወደ ሳንባቸው ሄዶ የሞቱ ሰዎች። ከቦምብ ተርፈው ወንበር የገደላቸው! እኔ በሦስት ሰዓት ተኩል እሞታለሁ አላልኩም። ግን ሰው ለረጅም ሰዓት አጣጥፈህ የምታስቀምጠው ዕቃ እንዳልሆነ ሰማንያ ዓመት አልፎታል ከታወቀ።

ባለፈው ዓመት አሥር ሰዓት የፈጀው የአውቶቡስ ጉዞዬስ? ረዳቱን «አምስት ደቂቃ አቁሙልን፣ እግራችንን እናፍታታ» ብዬ ብለምነው «እቤትሽ ስትደርሺ ታፍታቺያለሽ» ያለኝ? እሱ እኮ ራሱ በር ላይ ቆሞ ነው የሚሄደው! ሁልጊዜ የሚከለክላችሁ የቆመው ሰው ነው፣ ይሄን ታዝባችኋል? ሹፌሩ ግን አሳዘነኝ፣ ምክንያቱም ከሁላችንም በላይ የተጎዳው እሱ ነው። ጄሪ ሞሪስ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በ1953 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት አለ። የለንደን ባለ ሁለት ፎቅ አውቶቡስ ሹፌሮችንና ትኬት ቆራጮችን ነው ያወዳደሩት። ቀኑን ሙሉ ደረጃ ሲወጡ ሲወርዱ የሚውሉት ትኬት ቆራጮች የልብ ሕመማቸው ያነሰ ነበር። አንድ አውቶቡስ፣ አንድ መንገድ፣ አንዱ ተቀምጦ፣ አንዱ ቆሞ።

የእናቴ ነገር ደግሞ ትዝ ሲለኝ እንባዬ ይመጣል። ማታ ማታ ልክ ጋደም ስትል እግሯ አላስተኛ ይላታል። ትነሳለች፣ ኮሪደሩን ትመላለሳለች፣ ትተኛለች፣ ትነሳለች። ስንት ዓመት! ሁላችንም፣ እኔም ጭምር፣ «እረፊ በቃ፣ ጭንቀት ነው» እንላት ነበር። በመጨረሻ አንዲት ሐኪም ደሟን አስመረመረቻት፣ ብረቷ ዝቅ ብሎ ተገኘ። ስም ያለው ሕመም ነው፣ እረፍት የለሽ እግር ይባላል። ስሙን ያወጣለት ኤክቦም የሚባል የስዊድን ሐኪም ነው፣ በ1945 እ.ኤ.አ.። እናቴ ያኔ ገና አልተወለደችም ነበር! ስሙ እያለ እኛ ጭንቀት አልናት። እሷ ላይ ያደረግነውን ነው ዛሬ እኔ ላይ ያደረጉት።

ቢሮም ያው ነው። ውሃ ልቀዳ ብነሳ «ቦታሽ ላይ አጣሁሽ» የሚል መልእክት ይመጣል። ቦታዬ ወንበሩ ነው እንዴ? ሥራው አልደረሰም? ደርሷል እኮ!

«ማታ ስፖርት ሥሪ» የምትሉኝም አላችሁ። እሺ። በ2016 እ.ኤ.አ. ከአንድ ሚሊዮን በላይ ሰዎችን መረጃ አንድ ላይ ያየ ጥናት ወጥቶ ነበር። በቀን ከስምንት ሰዓት በላይ የሚቀመጥ ሰው በመቀመጡ የሚጨመርበት የመሞት አደጋ የሚጠፋው በየቀኑ ከ60 እስከ 75 ደቂቃ ደህና እንቅስቃሴ ካደረገ ነው ይላል። በየቀኑ! እኔ በጨለማ ወጥቼ በጨለማ ነው የምገባው። ደግሞ ማታ ብሮጥ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ የቆረጠኝን ወገብ ምን ያደርግልኛል? የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መቀመጡን ቀንሱ፣ ቀላልም ቢሆን በእንቅስቃሴ ተኩት ነው ያለው። ቀላልም ቢሆን! ግድግዳ ተደግፎ መቆም፣ እግር ማፍታታት። ከዚህ የቀለለ ምን አለ?

ደክሞኛል። ማጉረምረምም ያደክማል። ነገ የመጨረሻው ቀን ነው፣ ፕሮግራሙ ላይ እረፍት ተጽፏል፣ ዛሬም ተጽፎ ነበር። ምስክር ወረቀቱ ስለሚያስፈልገኝ መቅረት አልችልም።

ይሄን ሁሉ የጻፍኩት ቆሜ ነው፣ ስልኬን ቁምሳጥኑ ላይ አስደግፌ። ጉንዳኑ ከግራ እግሬ እስካሁን አልወጣም። ነገ ከሁሉም ቀድሜ ደርሼ የመጨረሻውን ረድፍ ጫፍ እይዛለሁ፣ ግድግዳው አጠገብ ያለውን። እግሬ ሲደነዝዝ እነሳለሁ። «ሁላችንም ተቀምጠናል» ካለኝ ደግሞ ወንበሩን እለቅለታለሁ፣ መጥቶ ይቀመጥበት።