ለአጨብጫቢዎች የዘገየ ምስጋና

በአምባገነኖች ዘመን ስለ ታሰሩና ስለ ተሰደዱ ሰዎች ብዙ ተጽፏል፤ ስለ አጨበጨቡት ግን ደፍሮ በጎ ቃል የተናገረ የለም። ይህን በደል ለመካስ ለኮሚኒስቱ መሪያቸው ለጓድ ኒኮላይ ቻውሼስኩ ካጨበጨቡት ሮማኒያውያን የተሻለ መነሻ አይገኝም፤ እ.ኤ.አ. ከ1965 እስከ 1989 መዳፋቸውን አላሳረፉምና።

የጓድ ቻውሼስኩ የልማት ሐሳብ በእርግጥም ጭብጨባ የሚያንሰው አልነበረም። በ1970ዎቹ አገሪቱን በከባድ ኢንዱስትሪ ለመሙላት ከምዕራባውያን ተበደሩ፤ ዕዳው ወደ 10 ቢሊዮን ዶላር ሲጠጋ ደግሞ ብድር የነፃነት ጠንቅ መሆኑ ተገለጠላቸውና ሁሉንም ጠራርገው ሊከፍሉ ቆረጡ። በዚህም መሠረት ሥጋው ወደ ውጭ ገበያ ሄደ፤ ለአገሬው የአሳማ እግር ቀረለት፤ እርሱም ሳይነጋ ተሰልፎ ለቀደመ ብቻ ነው። ዳቦና ዘይት በራሽን ሆኑ፤ በክረምት ሰው ቤቱ ውስጥ ካፖርቱን ለብሶ ይቀመጥ ጀመር፤ ቴሌቪዥኑም በሥራ ቀናት ሁለት ሰዓት ያህል፣ ያውም በአብዛኛው መሪውን ለማሳየት፣ ይከፈት ነበር። ሕዝቡ ይህን ሁሉ እንደ ችግር እንዳይቆጥረው፣ ሮማኒያውያን ከልክ በላይ እንደሚበሉ የሚያስረዳ «ሳይንሳዊ» የአመጋገብ መርሐ ግብር ወጣ። በ1989 ዕዳው ተከፍሎ ማለቁ ሲታወጅም ያው ተጨበጨበ።

በሙስና ላይ የነበራቸው አቋምም የዋዛ አልነበረም። ሹመኛ አንድ ወንበር ላይ ከከረመ ወገን ያበጃል ብለው ካድሬዎችን ከቦታ ቦታ ማዘዋወርን ደንብ አደረጉ። ወገን የማበጀቱን አደጋ ራሳቸው በቅርብ ለመከታተል ይመስላል፣ ቤተሰባቸውን ከላይ አስቀመጡት፦ ባለቤታቸው ኤሌና የመጀመሪያ ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትር፣ በዚያም ላይ ሌሎች የደከሙበት የኬሚስትሪ ምርምር በስማቸው የሚታተምላቸው ታላቅ ሳይንቲስት ሆኑ፤ ልጃቸው ኒኩ የወጣቶች ድርጅት መሪ፣ ኋላም የሲቢዩ አውራጃ የፓርቲ ኃላፊ ሆነ። ተራው ዜጋ በበኩሉ ሐኪም ዘንድ ሲቀርብ አንድ ፓኮ ኬንት ሲጋራ ጠረጴዛው ላይ ጣል ያደርግ ነበር። በአዳራሽ የሚጨበጨበው ለፀረ ሙስናው ንግግር እንጂ ለሲጋራው አይደለም፤ ሁለቱን መለየት ያስፈልጋል።

ሙያውን ለሮማኒያውያን ብቻ መስጠትም ግፍ ይሆናል። በ1968 የሶቪየት ታንኮች ቼኮዝሎቫኪያ ሲገቡ ጓድ ቻውሼስኩ ወረራውን በአደባባይ ማውገዛቸው እውነተኛ ድፍረት ነበር፤ ምዕራባውያንም ለዚያች አንዲት ንግግር ለዓመታት አጨበጨቡላቸው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ኒክሰን በ1969 ቡካሬስት ድረስ ሄዱ፤ የእንግሊዝ ንግሥት በ1978 በቤተ መንግሥታቸው ተቀበሏቸው። ሠዓሊው ሳልቫዶር ዳሊ ደግሞ በ1974 ጓድ በትረ መንግሥት በመጨበጣቸው የደስታ ቴሌግራም ቢልክ፣ የፓርቲው ጋዜጣ ስላቁን ሳይጠረጥር አትሞ አወጣው። (እንደ ሙያ ባልደረባ ከልቤ አዝኜለታለሁ።)

በኖቬምበር 1989፣ የበርሊን ግንብ በተከፈተ በሁለት ሳምንት ገደማ፣ የፓርቲው 14ኛ ጉባኤ እየተነሣ እየተቀመጠ አጨብጭቦ በድጋሚ መረጣቸው፤ በደርግ ዘመን ስብሰባ የተቀመጠ አንባቢ ይህን እንቅስቃሴ በጉልበቱ ያስታውሰዋል። ሥርዓቱ የተጓደለው ዲሴምበር 21 ቀን ነው። በቲሚሽዋራ ከተማ በተቃዋሚዎች ላይ የተተኮሰ ጥይት ሰው ከገደለ በኋላ ሠራተኞች ፎቶግራፍና መፈክር ይዘው ወደ ቡካሬስት አደባባይ እንዲወጡ ተደረገ፤ ጓድ ከሰገነቱ ላይ ሲናገሩ ከወደ ኋላ ጩኸት ተነሣ። እርሳቸውም የስልክ መስመር እንደ ተቋረጠበት ሰው «ሃሎ! ሃሎ!» አሉ። ጆሯቸው ሌላ ድምፅ ስላልለመደ አይፈረድባቸውም። ወዲያው ዝቅተኛው ደመወዝ ከ2000 ወደ 2200 ሌይ ከፍ ማለቱን አበሰሩ። ለራሽኑና ለአሳማ እግሩ ያልሰሰተ መዳፍ 200 ሌይ ሲጨመርለት ምን ነካው? በማግስቱ ጓድ ከማዕከላዊ ኮሚቴው ጣሪያ በሄሊኮፕተር ሲነሡ፣ የደመወዝ ጭማሪው ገና በወጉ አልተጨበጨበለትም ነበር።