በዜሮ ላይ ለተኙት ክቡር የፍጥነት ጠቋሚ፣ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ላልተቋረጠ ዕረፍትዎ የቀረበ ምስጋና

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? እኛ ከጎንደር ባሕር ዳር ከኋላዎ ተጣብበን የምንመላለሰው መንገደኞችዎ፣ አምላክ ይመስገን፣ ይህ ደብዳቤ እስከተጻፈበት ሰዓት ድረስ ደኅና ነን።

ከአዘዞ ወጥተን ሚኒባሱ ወደ ማክሰኚት ሲፈተለክ፣ ቆርቆሮው ሲንቀጠቀጥ፣ ረዳቱ በሩን በትከሻው ደግፎ ሒሳብ ሲሰበስብ፣ ከኋላ ወንበር የተቀመጡት እናት ውዳሴ ማርያማቸውን በለሆሳስ ሲጀምሩ፣ በመኪናው ውስጥ ፍጹም ሰላም ያለዎት እርስዎ ብቻ ነዎት። ሾፌሩ ነዳጅ ቢረግጥም ቢለቅም ንቅንቅ አይሉም። መስታወትዎ ላይ የተለጠፈው «ቅዱስ ሚካኤል ይጠብቀን» የሚለው ጽሑፍ ከ60 በላይ ያሉትን ቁጥሮችዎን ሸፍኗቸዋል፤ ቀሪውን ሥራ ለመልአኩ ማስተላለፍዎ ይሆናል። ገመድዎ ከማርሽ ሳጥኑ የተነቀለው በእርጅና ነው የሚሉ የዋሆች አሉ። ገመዱ ሲነቀል የኪሎ ሜትር ቆጣሪውም አብሮዎት እንደሚተኛና መኪናው በሚሸጥበት ቀን «ብዙ ያልሄደ» ተብሎ እንደሚወደስ እርስዎ ያውቃሉ፤ ባለንብረቱም ያውቃሉ።

ጎንደር ባቡር ስለሌላት፣ አሁን ስለ ባቡር ማንሣቴ ሊያስገርምዎ ይችላል። ሆኖም የእርስዎን ሙያ ከማንም በላይ የሚጨነቁበት የሐዲድ ሰዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 25 ቀን 2005 በጃፓን አማጋሳኪ ከተማ አንድ የ23 ዓመት ወጣት የሚነዳው ባቡር፣ ጣቢያ ላይ መቆሚያውን አልፎ ወደ ኋላ ለመመለስ በመገደዱ፣ ከጊዜ ሰሌዳው አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ዘግይቶ ነበር። እንዲህ ያለ ጥፋት የሠራ ነጂ በመሥሪያ ቤቱ የሚጠብቀው «ሥልጠና» ከሥልጠና ይልቅ ቅጣትና ውርደት ነበርና፣ ወጣቱ የባከነውን ደቂቃ ለማካካስ ሲጣደፍ 70 ብቻ የሚፈቅደውን ኩርባ በሰዓት 116 ኪሎ ሜትር ገባበት። የፊተኛው ፉርጎ ከሐዲዱ ዳር ያለ አፓርታማ ምድር ቤት ውስጥ ተሰነቀረ፤ 106 መንገደኞችና ነጂው ራሱ ሞቱ። ፍጥነቱን አይቶ በራሱ ፍሬን የሚይዝ መሣሪያ ጃፓን ነበራት፤ በዚያ መስመር ላይ ግን ገና አልተገጠመም ነበር።

እኛን የሚያስቸኩለን የጊዜ ሰሌዳ አይደለም፤ የጊዜ ሰሌዳ የለንማ። መኪናው እስኪሞላ መናኸሪያ ውስጥ «አንድ ሰው የቀረው!» እየተባለ ሰዓት ሙሉ ፀሐይ ስንሞቅ የሚቸኩል ሰው አይገኝም፤ ከተነሣን በኋላ ግን ያቺ ሰዓት ከኩርባው ላይ ተለቅማ እንድትመለስ ይፈለጋል። ሾፌሩም ቢሆን ፈልጎ አይደለም፤ ማታ ለባለንብረቱ የሚያስረክበው ገቢ ተቆርጦለታል፣ ለመልሱም ተራ መያዝ አለበት።

ኩርባ ደግሞ የሒሳብ ነገር ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን ወደ ውጭ የሚገፋው ኃይል አራት እጥፍ ይሆናል። ሊማሊሞ ላይ ይህን ማንም ሳያስተምረው ሁሉም ሾፌር ይጠነቀቃል፣ ገደሉ በዐይን ይታያላ! የሚያሰጋው ገደል የሌለበት፣ አስፋልቱ ለስላሳ የሆነ፣ ለዘብ ያለው ኩርባ ነው።

በስፔን ሳንቲያጎ ዴ ኮምፖስቴላ አቅራቢያ እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 2013 የሆነውም ይኸው ነው። ነጂው ከባቡሩ ሠራተኛ ጋር በስልክ ሲነጋገር ቆይቶ ፍሬን የያዘው በመጨረሻዎቹ ሰከንዶች ነበር፤ 80 የሚፈቅደው ኩርባ ላይ በ179 ሐዲዱን ሳተ፤ የሚገፋው ኃይል ከሚገባው አምስት እጥፍ ደርሶ ነበር ማለት ነው። 79 ሰዎች አለቁ። ፍጥነትን ራሱ የሚገታው ዘመናዊ ሥርዓት ከኩርባው ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲቀር ያበቃ ስለነበር፣ ኩርባው ለነጂው ትዝታ በአደራ ተሰጥቶ ነበር። ከአደጋው በኋላ ባቡሩን አስቀድሞ የሚያቀዘቅዙ መሣሪያዎች በዚያው ሐዲድ ላይ ለመትከል ቀናት ብቻ በቁ። በባቡር ውስጥ ነጂው ቢሞት ወይም ራሱን ቢስት ባቡሩን የሚያቆም ፔዳል ከድሮ ጀምሮ አለ፤ የሚያስቸግረው በሕይወት ያለውና የቸኮለው ነው።

የእኛ መንገድም መቆጣጠሪያ የለውም ብዬ አላማዎትም። ከፊት የሚመጣ መኪና መብራቱን ብልጭ ካደረገ ትራፊክ ፖሊስ አለ ማለት ነው። ሾፌራችን በቅጽበት ጨዋ ይሆናል፤ ቀበቶውን ሳይቆልፍ ደረቱ ላይ ጣል ያደርጋል፤ ትርፍ የተጫኑት አንገታቸውን ይደፋሉ፤ ፖሊሱን ባለፍን በሁለተኛው ደቂቃ ሁሉም ወደ ነበረበት ይመለሳል።

ማዘግየት የእኛ ብቻ ጠባይ እንዳይመስልዎ። የአሜሪካ ምክር ቤት ባቡሮች ራሱን የቻለ የፍጥነት መቆጣጠሪያ እንዲገጠምላቸው እ.ኤ.አ. በ2008 በሕግ አዝዞ እስከ 2015 መጨረሻ ቀጠሮ ሰጠ። በዚያው ዓመት በግንቦት ፊላደልፊያ ላይ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚፈቅደውን ኩርባ በ170 የገባ ባቡር ተገልብጦ 8 ሰዎች ሞቱ። በጥቅምት ምክር ቤቱ ተሰበሰበና ቀጠሮውን አራዘመ። ሥራው ያለቀው እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

ሩቅ አገር ሄድኩ እንዳይሉኝ፣ በጥር 1977 ዓ.ም. አዋሽ አጠገብ የእኛው ባቡር ፍጥነቱን ሳይቀንስ ኩርባ ድልድይ ላይ ገብቶ ፉርጎዎቹ ገደል ገብተው ከ400 በላይ ወገኖቻችን አልቀዋል። በአፍሪካ ከደረሱት እጅግ አስከፊ የባቡር አደጋዎች አንዱ ነው። ያን ጊዜ የተጻፈ ትምህርት ካለ፣ የእርስዎ መስታወት ሥር ያልደረሰ መሆኑን ብቻ ላሳስብዎ።

ስለዚህ ክቡርነትዎ ከዕረፍት እንዲመለሱ አልጠይቅም፤ ቢነሡም አይቶ የሚሰማዎት የለም። የምለምነው ዕድገት እንዲሰጥዎ ነው፦ ገመድዎ ተመልሶ ይቀጠልና፣ መኪናው ከተፈቀደለት ሲያልፍ ነዳጁን በራስዎ ሥልጣን እንዲቀንሱ፣ መፍቻ የያዘ ሰውም እንዳይነካዎ ይታሸጉ። ደመወዝ አይጠይቁ እንጂ ሹመቱ ይገባዎታል።

ከአክብሮት ጋር፣
ከሾፌሩ ኋላ፣ በመስኮት በኩል፣ ሦስተኛ ሆኖ ከተቀመጠው መንገደኛ

ግልባጭ፦ ከወንበር ሥር ተጠቅልሎ ለተቀመጠው ገመድ