ደግሞ ጫማዬን አየው!

«ጫማህን አሳየኝ» አለኝ መካኒኩ። ሞተሩ ሐረጎ ዳገት ላይ እንደ ጀበና ተንተክትኮ፣ መኪናዬ በገመድ ተጎትታ ኮምቦልቻ ተመልሳ፣ ሰውየው ኮፈኑን እንኳን ሳይከፍት እግሬን አየ! «በዚህ ከባድ ጫማ ነው ነዳጅ የምትረግጠው? ሞተሩ ደህና ነው ልጄ፤ ችግሩ አነዳድህ ነው።» ረዳቶቹ ሳቁ። አንዱማ ቁልፉ ከእጁ እስኪወድቅ ሳቀ። «ጋሼ፣ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) እኮ ተቃጥሏል» ብዬ ብነግረው፣ «አንተን ደግሞ ማን መካኒክ አደረገህ?» አለኝ። የሁለት ልጆች አባት፣ ጫማዬን እያየሁ ቆምኩ።

1438 ሲሲ የነበረውን የፊያት 124 ስፖርት ሞተሬን «አሳድጌ ጉልበት እጨምርለታለሁ» ያለኝ ራሱ ነው። የ80 ሚሊሜትሩን ሲሊንደር፣ ፒስቶኑ የሚመላለስበትን ቀዳዳ፣ ወደ 84 አሰፋው። ለጥገና የሚወጣው ተለቅ ያለ ፒስቶን እኮ የሚያድገው ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ ነው! ፊያትም 1756 ሲሲ ሲያደርሰው 84 ተጠቅሟል፤ ነገር ግን በሌላ ብሎክ (የሞተር አካል) ላይ ነው። የእኔን ግድግዳ ግን ዙሪያውን 2 ሚሊሜትር ላጨው። ትርፉስ? 150 ሲሲ እንኳን አይሞላም። የደሴ ስስ አየር ደግሞ ሩብ ያህል ጉልበት ይነጥቃል።

ራዲያተሩ ያው የድሮው፣ የዘይት ፓምፑ ያው፣ ካርቡራተሩ ያው። ደሴ ከፍታ ላይ ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ እንደሚፈላ እያወቀ፣ ግፊት የማይዘውን የራዲያተር ክዳን እንኳን አልቀየረም። የፒስቶኑን ክፍተት በምን እንደለካው ስጠይቀው ጣቱን ሲሊንደሩ ውስጥ አዙሮ «ልክ ነው» ብሎኛል። የሚሊሜትር መቶኛ በጣት!

ነዳጅ ሰልፍ ላይ ስትጠፋብኝ የሚያንጓጥጡኝን ባለ ባጃጆች ተውኳቸው። አማቴ «ይህን ሽጠህ ቪትዝ ግዛ» ሲሉኝ ስንት ዘመን ችያለሁ! ዛሬ ማታ ቡና ላይ ፊታቸውን እንዴት እንደማየው እንጃ።

ሞተር ማሳደግ ኃጢአት አይደለም። በወጉ ተለክቶ፣ ኮሎው (ፒስቶኖቹ የሚያዞሩት ዘንግ) ተመዝኖ፣ ማቀዝቀዣው አብሮ አድጎ የተሠራ ሞተር ዓመታት ያገለግላል። እኔ ያገኘሁት ግን ጣት ነው።

አሁን «እንደገና አወርደዋለሁ፤ ግማሹን አስቀድመህ ክፈል» ብሏል። ለቅዳሜ ሙሽራ መኪናዬን የያዛችሁ ወዳጆቼ ሌላ ፈልጉ። ቀብዱን ግን አትጠይቁኝ፤ ፒስቶን ገዝቼበታለሁ።